የኮምፒውተር ሰዓት ለምን ይዛባል፣ እንዴትስ ይስተካከላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከበድ ያለው እንሄዳለን፣ የራሳችሁን ጥያቄ ፈልጋችሁ እሱን ብቻ ብታነቡም ይሆናል።

ኮምፒውተር ሰዓቱን ከየት ነው የሚያመጣው?

ከሁለት ቦታ። አንደኛዋ ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ሰዓት ነች፣ አርቲሲ ይሏታል፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ገመዱ ተነቅሎም ቢሆን በሳንቲም በምታክል ባትሪ እየቆጠረች ታድራለች። ውስጧ እንደ እጅ ሰዓት ኳርትዝ አለ፣ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ይሄ ቁጥር ደግሞ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፣ 15 ጊዜ ለሁለት ለሁለት እየከፈላችሁት ብትሄዱ ልክ አንድ ላይ ያርፋል፣ ለኤሌክትሮኒክስ ደግሞ ለሁለት መክፈል በጣም ቀላል ስራ ነው። ሁለተኛው ሶፍትዌሩ ራሱ የሚቆጥረው ነው፤ ዊንዶውስ ወይ ሊኑክስ ሲነሳ ከዛች ሰዓት አንዴ ያነብና ከዛ በኋላ በራሱ ይቀጥላል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ያዙልኝ፦ ውስጥ የሚቆጠረው ሰዓትና ስክሪን ላይ የሚታየው ሰዓት አንድ አይደሉም። ሲስተሙ የሚቆጥረው ዩቲሲ የሚባለውን የዓለም የጋራ ሰዓት ነው፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው እሱ ላይ የእናንተ ታይም ዞን ተደምሮበት ነው፣ ለኢትዮጵያ 3 ሰዓት ይደመራል። ሰው ኮምፒውተሩን ይዞብኝ ሲመጣ ከማየው ችግር ብዙው የመጣው የሚታየውን ለማስተካከል ብሎ የሚቆጠረውን ሲነካካ ነው።

ኮምፒውተሬን ባጠፋሁት ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ወደ ድሮ ይመለሳል፣ ምን ሆኖ ነው?

ባትሪው አልቆ ነው፣ መቶ በመቶ ባልልም ወደዛ የተጠጋ ነው። ሲአር 2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልቱ ክብ የሊቲየም ባትሪ ነው፣ ሰው የባዮስ ባትሪ ይለዋል። ዴስክቶፕ ላይ ከሆነ ገመዱን ንቀሉ፣ ጎኑን ክፈቱ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ወዲያው ይታያችኋል፣ ጠርዙ ላይ ያለችውን ብረት ገፋ ስታደርጉ ብድግ ይላል። ጽሑፍ ያለበት ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ አዲሱን አስገቡ፣ አለቀ። ሰዓት ሰሪዎች ጋርም ይገኛል። ላፕቶፕ ላይ ትንሽ ያስቸግራል ምክንያቱም ብዙዎቹ ባትሪውን በሽቦና በፕላስቲክ ጠቅልለው ውስጥ ስለሚደብቁት፣ ከፍታችሁ የማታውቁ ከሆነ ለሚያውቅ ስጡት።

ይሄ ችግር መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ቶሎ ይታያል። ዴስክቶፑ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ፣ ጠፍቶም ቢሆን፣ ከመብራቱ እየወሰደ ባትሪውን ያሳርፋል፣ መብራት ሲሄድ ወይ ማታ ማታ ከግድግዳው ሲነቀል ግን ሸክሙ በሙሉ ባትሪው ላይ ይወድቃል።

ባትሪ ቀይሬያለሁ፣ ግን በወር አንድ ደቂቃ ያህል ይዛባል። የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው?

የለም፣ ጤነኛ ነው። ርካሽ ኳርትዝ ከሚሊዮን ሰከንድ ውስጥ 20 ሰከንድ ቢስት እንደ ጥሩ ይቆጠራል። ስታሰሉት በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር 52 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ሙቀትና ቅዝቃዜም ያዛባዋል፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተቀመጠና ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ሲያቀናብር የሚውል ኮምፒውተር እኩል አይሄዱም። ለዚህ ነው ኮምፒውተሩ ከውጪ ካለ የተሻለ ሰዓት ጋር በየጊዜው እየተያየ ራሱን እንዲያርም የሚደረገው፣ ሲንክ ማድረግ የምንለው እሱን ነው።

ትንሽ ቢዛባ ምን ችግር አለው? ስልኬ ላይ አያለሁ አይደል።

ችግሩ እናንተ ሰዓት ማየት አለማየታችሁ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ራሱ ሰዓቱን አምኖ ስራ ስለሚሰራበት ነው። በጣም የተለመደው ብራውዘሩ ነው፦ ባንክ ወይ ኢሜይል ስትከፍቱ ዌብሳይቱ ሰርተፊኬት ያሳያል፣ ሰርተፊኬቱ ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሰራል የሚል አለ፣ የኮምፒውተራችሁ ቀን ከዛ ውጪ ከሆነ ብራውዘሩ "ይሄ ነገር አያስተማምንም" ብሎ በሩን ይዘጋባችኋል። ሰው ያኔ ኢንተርኔት ተበላሸ ብሎ ኔትወርክ ሰራተኛ ይጠራል።

ሁለተኛው ስልክ ላይ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረው ባለ 6 አሃዝ ኮድ ነው። ኮዱ የሚሰላው ከአንድ ሚስጥር ቁጥርና ከሰዓቱ ነው፣ ስለዚህ ስልኩ ሁለት ሶስት ደቂቃ ከሳተ ኮዱን በትክክል ጽፋችሁም "ስህተት ነው" ትባላላችሁ። መስሪያ ቤት ውስጥ ዊንዶውስ ዶሜይን (የመስሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች ከአንድ ሰርቨር የሚያስተዳድር ስርዓት) ካለ ደግሞ ከርቤሮስ የሚባለው የመግቢያ ስርዓት ከ5 ደቂቃ በላይ የሳተ ኮምፒውተርን አያስገባም፣ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ሎጊን እምቢ ሲል መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነው። ፕሮግራመሮች ደግሞ የሁለት ሰርቨር ሎግ አስተያይታችሁ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ የተጻፈበትን ቀን አትረሱትም።

ዊንዶውስ ላይ ራሱ እንዲያስተካክል እንዴት አደርጋለሁ?

ሴቲንግስ ውስጥ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ፣ ከዛ ዴት ኤንድ ታይም ግቡ። ሰዓቱን በራሱ እንዲያስተካክል የሚለውን ማብሪያ አብሩት፣ ታች ሲንክ ናው የሚለውን ተጫኑ። ታይም ዞን ላይ አዲስ አበባ የሚል ፈልጋችሁ ታጣላችሁ፣ አትድከሙ፣ ዩቲሲ ሲደመር 3 ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ፣ የኛም እሱ ነው።

የሚያስቸግረው ሰዓቱ በጣም ርቆ የሄደ እንደሆነ ነው። ለብቻው ያለ፣ ዶሜይን ውስጥ ያልገባ ዊንዶውስ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት በላይ ሲሆን እንዳያስተካክል ተደርጎ ነው የሚመጣው፣ ምክንያቱም ሰርቨሩ ተሳስቶ ይሆናል ብሎ ይጠራጠራል። ስለዚህ ባትሪ ከቀየራችሁ በኋላ መጀመሪያ ቀኑንና ሰዓቱን በእጃችሁ ተቀራራቢ አድርጉት፣ ከዛ ሲንክ ናው በሉት። የመስሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነና ዶሜይን ውስጥ ካለ ግን እዚህ ጋር ምንም አትንኩ፣ ሰዓቱን የሚቀበለው ከዶሜይኑ ሰርቨር ነው፣ ሁሉም ኮምፒውተር እኩል ከሳተ የሚስተካከለው ዋናው ሰርቨር ብቻ ነው።

በኛ አቆጣጠር እንዲያሳየኝ ሰዓቱን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ባደርገውስ? ዓመቱንም በኛ ባደርገውስ?

ኧረ እባካችሁ! ይሄን ነው ከላይ የሚታየውና የሚቆጠረው ያልኳችሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ 7 ስላለ ተሳስቷል ብላችሁ 1 ስታደርጉት የውስጡ ሰዓት 6 ሰዓት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው፣ የኢሜይሉ ሰዓት፣ የፋይሉ ሰዓት፣ ኮዱ፣ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ዓመቱን መንካት ደግሞ ከዚህም ይብሳል፣ የኛ ዓመት ከነሱ በ7 ወይ በ8 ስለሚያንስ ኮምፒውተሩ ዛሬ የሚሰሩት ሰርተፊኬቶች ገና ያልተሰጡበት ዘመን ውስጥ ይገባል። አንድ ቢሮ ጠርተውኝ ግማሽ ቀን ኬብል ስነቅል ስሰካ፣ ራውተር ሳጠፋ ሳበራ ውዬ፣ በመጨረሻ ሳየው ለካ አንድ ሰው "ቀኑን አስተካከልኩት" ብሎ ዓመተ ምሕረቱን በኛ ጽፎታል። ደግሞ ቢሰራ እንኳን ጳጉሜን ምን ብላችሁ ልትጽፉት ነው።

ሰዓቱን ብቻ በኛ ማየት ለምትፈልጉ ግን አንድ ዘዴ አለች፣ ሰዓቱን ሳይሆን ታይም ዞኑን ቀይሩት። የኛ 3 ሲደመር ነው፣ ከዛ ላይ 6 ሲቀነስ 3 ሲቀነስ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ የቦነስ አይረስ ዞን ነው። አርጀንቲና በአሁኑ ሰዓት በጋ ክረምት እያለች ሰዓት አትቀያይርም፣ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ይሰራል። ሰዓቱ በ12 የሚቆጥር ይሁን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን 1 ኤኤም፣ ከምሽቱ 1 ሲሆን 1 ፒኤም ይላችኋል፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ልክ 12 ይላል። የውስጡ ዩቲሲ አልተነካም፣ ሲንኩ ይቀጥላል፣ ሰርተፊኬቱም ኮዱም ደህና ነው። ጉዳቱ፣ የፈረንጁ ቀን የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ መሆኑ ቀርቶ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል (ለኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ስለሆነ እኔን ብዙም አልከፋኝ)፣ አንዳንድ ዌብሳይትም አርጀንቲና ያላችሁ ይመስለዋል። ለራስ ላፕቶፕ ይሁን፣ ለቢሮ ሰርቨር ግን አልመክርም።

ዲሲ ካለው ወንድሜ ጋር ያለን ልዩነት አንዳንዴ 7 አንዳንዴ 8 ሰዓት ነው። የማን ኮምፒውተር ነው የሚሳሳተው?

የማንም። አሜሪካኖቹ በፈረንጁ ማርች ሁለተኛ እሁድ አንድ ሰዓት ወደፊት ያደርጋሉ፣ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ይመልሳሉ፣ እኛ አንቀይርም። ሲንኩ ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም፣ የሁለታችሁም ዩቲሲ አንድ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ካሌንደሩ ላይ ዞኑን ጠቅሳችሁ ያዙ፣ በቃ።

ሰዓቱ የሚመጣው ከሩቅ ሰርቨር ነው፣ ኔትወርኩ ደግሞ ይጓተታል። መንገድ ላይ የዘገየ ሰዓት እንዴት ትክክል ይሆናል?

ይሄ የምወደው ጥያቄ ነው። ስራውን የሚሰራው ኤንቲፒ የሚባል ፕሮቶኮል ነው፣ ዴቪድ ሚልስ የሚባሉ የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የደረሱት ነው፣ የመጀመሪያው ሰነድ በ1985 ወጣ፣ አሁን የምንጠቀምበት አራተኛው ቨርዥን ደግሞ በ2010። ሰውየው በጥር 2024 በፈረንጆቹ አርፈዋል፣ ስራቸው ግን እያንዳንዱ ላፕቶፕ ውስጥ እየቆጠረ ነው።

ነገሩን በቤት ምሳሌ እዩት። ሰዓታችሁ መሳሳቱን ጠረጠራችሁና ልጅ ወደ ጎረቤት ላካችሁ። ልጁ ሲወጣ የእናንተ ሰዓት 2 ሰዓት ይላል። ጎረቤት ሲደርስ የነሱ ሰዓት 2 ከ7 ይላል፣ ቆሎ ቢጤ ሰጥተው አንድ ደቂቃ አስቆሙትና 2 ከ8 ሲል ለቀቁት። ቤት ሲገባ የእናንተ 2 ከ5 ሆኗል። በእናንተ ሰዓት ጠቅላላ 5 ደቂቃ ቆየ፣ አንዷን ጎረቤት ቤት ነው ያጠፋት፣ መንገዱ 4 ደቂቃ ፈጀ ማለት ነው፣ መሄጃው 2 መመለሻው 2። ስለዚህ ልጁ እዛ ሲደርስ የእናንተ ሰዓት 2 ከ2 ነበር፣ የነሱ 2 ከ7፣ 5 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርታችኋል። አያችሁ፣ መንገዱ ረጅም መሆኑ አላሳሳተንም። ኤንቲፒም እነዚህን አራት ሰዓቶች ነው የሚመዘግበው፦ የወጣበት፣ የደረሰበት፣ ከዛ የተነሳበት፣ የተመለሰበት።

የሚያሳስተው መሄጃውና መመለሻው እኩል ሳይሆኑ ሲቀር ነው። ልጁ ሲሄድ 1 ደቂቃ ሮጦ ሲመለስ ኳስ እያየ 3 ደቂቃ ከቆየ እናንተ ሁለት ሁለት ብላችሁ ስለምታካፍሉ በ1 ደቂቃ ትሳሳታላችሁ፣ የልዩነቱን ግማሽ ማለት ነው። በስልክ ዳታ ትልቅ ፋይል እያወረዳችሁ ሲንክ ስታደርጉ የሚሆነው ይሄው ነው። ለዚህ ብሎ ፕሮግራሙ አንዴ ብቻ አይጠይቅም፣ ደጋግሞ ይጠይቅና ቶሎ ደርሶ ቶሎ የተመለሰውን መልስ የበለጠ ያምናል። ደህና ኮኔክሽን ላይ ከጥቂት እስከ ጥቂት አስር ሚሊሰከንድ ትክክል ይሆናል፣ በአንድ ቢሮ ኬብል ውስጥ ደግሞ ከአንድ ሚሊሰከንድም ያንሳል።

ስትራተም 1፣ ስትራተም 2 የሚሉት ደረጃ ነው?

ከዋናው ሰዓት ያለ ርቀት ነው። አቶሚክ ሰዓት ወይ የጂፒኤስ መቀበያ ራሱ ስትራተም 0 ይባላል፣ እሱ ላይ በገመድ የተሰካ ሰርቨር 1፣ ከሱ የሚቀዳ 2፣ እንዲህ እያለ እስከ 15። 16 ካያችሁ "ገና ሲንክ አልሆንኩም" ማለቱ ነው። ቁጥሩ ስላነሰ የግድ ይሻላል ማለት ግን አይደለም፣ ባህር ማዶ ካለ ስትራተም 1 ይልቅ ቅርባችሁ ያለ ስትራተም 3 የተሻለ ሰዓት ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ምክንያቱን ከልጁ ታሪክ ታገኙታላችሁ።

የትኛውን ሰርቨር ልጠቀም? ስንትስ?

ለቤት ኮምፒውተር የማይክሮሶፍት ወይ የአፕል የራሱ የመጣው ይበቃል፣ አትንኩት። ሊኑክስ ሰርቨር ላላችሁ ኤንቲፒ ፑል የሚባለው በበጎ ፈቃደኞች ከ2003 በፈረንጆቹ ጀምሮ የሚሰራ ስብስብ አለ፣ የአፍሪካ ክፍልም አለው። ብዛቱ ላይ ግን ሰው ይሳሳታል። አንድ ሰርቨር ብቻ ከሰጣችሁ ሲሳሳት አብራችሁ ትሳሳታላችሁ። ሁለት ከሰጣችሁ ደግሞ ሲለያዩ ማንን ልመን ብሎ ግራ ይገባዋል። ሶስት ቢሆን ሁለቱ በአንዱ ይመሰክሩበታል፣ አራት ቢሆን አንዱ ቢጠፋም ሶስት ይቀራል፣ ስለዚህ አራት አድርጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የጎግልን የሰዓት ሰርቨር ከሌሎች ጋር አትቀላቅሉ። ለምን የሚለውን ታች ሊፕ ሰከንድ ላይ አመጣዋለሁ።

ሊኑክስ ላይ የቱ ይሻላል፣ ክሮኒ፣ ታይምሲንክዲ ወይስ የድሮው ኤንቲፒዲ?

ሶስቱም ሊኑክስ ላይ ሰዓት የሚያስተካክሉ ፕሮግራሞች ናቸው፣ እኔ ክሮኒ ነኝ። ከድሮ ጀምሮ በስልክ መስመር እየገባ የሚወጣ ኢንተርኔት ላይም እንዲሰራ ታስቦ የተሰራ ስለሆነ ኔትወርክ ሲሄድና ሲመጣ ቶሎ ያገግማል፣ ለኛ አገር ሁኔታ ልክ ነው። የኮምፒውተራችሁ ኳርትዝ በቀን ምን ያህል እንደሚስት አጥንቶ ፋይል ላይ ስለሚጽፍ ኢንተርኔት ጠፍቶም ቢሆን በራሱ እያረመ ይቆያል። ታይምሲንክዲ ቀላል ነው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሰርቨር ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ለላፕቶፕ ግን ይበቃል። አንድ ጥሩ ጎን አለው፣ መጨረሻ ያወቀውን ሰዓት ዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጥ ባትሪ የሌለው እንደ ራስበሪ ፓይ 4 ያለ ሰሌዳ ላይ ሰዓቱ ቢያንስ ወደ ድሮ አይመለስም። ሁለቱን አንድ ላይ አታስነሱ ብቻ፣ ይጣላሉ።

እዚህ ጋር አብሮ የሚጠየቀው "ለምን ወዲያው አያስተካክለውም" የሚለው ነው። ሁለት አይነት ማረም አለ፣ አንዱ መዝለል ነው፣ ሰዓቱን ድንገት ወደ ትክክለኛው መወርወር፣ ሌላው መጎተት ነው፣ ሰከንዷን ትንሽ አሳጥሮ ወይ አስረዝሞ ቀስ እያሉ መድረስ። ዳታቤዝ እየሰራ ሰዓት ወደ ኋላ ቢዘል አንድ ደቂቃ ሁለት ጊዜ ይኖራል፣ የሽያጭ መዝገብ ላይ ምን እንደሚያመጣ አስቡት፣ ስለዚህ ስራ ላይ ያለ ሰርቨር ይጎተታል እንጂ አይዘልም። ኤንቲፒዲ በሚሊዮን ሰከንድ 500 ሰከንድ ብቻ ነው የሚጎትተው፣ አንዷን ሰከንድ ለማረም 33 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፣ ልዩነቱ ከ1000 ሰከንድ ካለፈ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ራሱን ያጠፋል። ክሮኒ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሲነሳ በመጀመሪያዎቹ ሶስት ማረሚያዎች ልዩነቱ ከ1 ሰከንድ ከበለጠ እንዲዘል፣ ከዛ በኋላ ግን እንዲጎትት ተደርጎ ነው፣ ይሄንን ባትነኩት ጥሩ ነው።

ዊንዶውስና ሊኑክስ አንድ ላፕቶፕ ላይ ጭኛለሁ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሄድ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ይሳሳታል

ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ የተግባቡት ግን የለም። ሊኑክስ ማዘርቦርዷ ሰዓት ላይ ዩቲሲ ይጽፋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ የአገራችሁን ሰዓት ይጽፋል፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው በራሱ ቋንቋ ያነበዋል። ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ስትመጡ 3 ሰዓት ወደ ኋላ፣ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ስትሄዱ 3 ሰዓት ወደፊት የሚሆነው ለዛ ነው፣ የኛ ልዩነት 3 ስለሆነ። መፍትሄው አንዳቸውን ማስማማት ነው። ሁለት መንገድ አለ፦ ዊንዶውስ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ማስተካከያዎች የሚቀመጡበት ቦታ) ውስጥ ሪልታይም ኢዝ ዩኒቨርሳል የሚባለውን ቁልፍ ፈጥራችሁ 1 መስጠት፣ ወይም ሊኑክስን በታይምዴትሲቲኤል ትዕዛዝ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አገር ሰዓት አንብበው ማለት። የመጀመሪያው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ሬጂስትሪ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ግን ሁለተኛውም ለኛ ብዙ አይጎዳም፣ በዓመት ሁለቴ ሰዓት የሚቀያይሩ አገሮች ናቸው በሱ የሚቸገሩት።

ሁሉንም አድርጌ "ሲንክ አልተሳካም" ይለኛል

ኤንቲፒ የሚሄደው በዩዲፒ ፖርት 123 ነው፣ ፖርት ማለት ኔትወርኩ ላይ ለአንድ አይነት ስራ የተለየ በር በሉት። ዌብሳይት ይከፈታል ማለት ይሄ ፖርት ክፍት ነው ማለት አይደለም፣ ብዙ ቢሮ ዌብ ብቻ ክፍት ትቶ ሌላውን ይዘጋል። ለመለየት ላፕቶፑን በስልካችሁ ሆትስፖት አድርጋችሁ ሞክሩ፣ በሱ ከሰራ ችግሩ የቢሮው ፋየርዎል፣ ማለትም የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጣጠረው ዘበኛ ነው። ፋየርዎሉን የሚያስተዳድረውን ሰው "ወደ ውጪ 123ን ክፈትልን" ከማለት ይልቅ "ራውተሩ ራሱ ሰዓት ይስጠን" ብትሉት ቶሎ እሺ ይላችኋል፣ ብዙ ራውተሮች ይችላሉ።

ኢንተርኔት የሌለው የትምህርት ቤት ላብ አለን፣ 30 ኮምፒውተር፣ እንዴት እኩል ይሁኑ?

አንዱን አለቃ አድርጉት። ሊኑክስ ያለበት አንድ ማሽን ላይ ክሮኒ ጫኑ፣ ሎካል ስትራተም 10 የሚለውን ጨምሩ፣ ማለትም "ከውጪ ሰዓት ባላገኝም ለሌሎቹ ስጥ" ማለት ነው፣ ከዛ አላው በሚለው ትዕዛዝ የላቡን ኔትወርክ ፍቀዱለት፣ ሌሎቹን 29 ወደሱ አዙሯቸው። እኩል ይሆናሉ። እኩል ሆኑ ማለት ትክክል ሆኑ ማለት እንዳልሆነ ግን አትርሱ፣ አለቃው ሲስት ሁሉም ተከትሎት ይስታል፣ ስለዚህ በሳምንት አንዴ በስልክ ሆትስፖት አለቃውን ብቻ አገናኙት።

ከዛ በላይ የምትፈልጉ ከሆነ ዲኤስ 3231 የምትባል ትንሽ የሰዓት ሰሌዳ አለች፣ ሙቀቱን እየለካች ራሷን ስለምታርም በዓመት የምትስተው አንድ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። የጂፒኤስ መቀበያም ይሆናል፣ አንቴናው ሰማይ ማየት አለበት እንጂ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሲገዙ በየሰከንዱ ምት የሚሰጥ መስመር ያለውን ነው መምረጥ፣ እንዲሁ በዩኤስቢ ብቻ ከሆነ ትክክለኛነቱ ብዙ ይወርዳል። ያገለገለ አሮጌ መቀበያ ስትገዙ ቀኑን እዩት፣ ጂፒኤስ ሳምንት ሲቆጥር በየ1024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ መጨረሻ የተመለሰው ሚያዝያ 2019 በፈረንጆቹ ነበር፣ ያልታደሱት ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ያሳያሉ።

ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ለምን ሰዓቱ ይዘላል?

ቨርቹዋል ማሽን ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሰራ ሌላ ኮምፒውተር ነው፣ ስታቆሙት የሱ ዓለም ስለሚቆም ሰዓቱ ይዘላል። ማታ ፖዝ አድርጋችሁት ጠዋት ስትመልሱት እሱ አሁንም ማታ ላይ ነው። ሰዓቱን ወይ ከአስተናጋጁ ኮምፒውተር ይውሰድ ወይ በራሱ ኤንቲፒ ይጠይቅ፣ ሁለቱንም አታድርጉ፣ አንዱ ሲጎትት ሌላው ሲመልስ ይውላሉ። ክላውድ ላይ ከሆናችሁ አብዛኞቹ የራሳቸው የቅርብ ሰዓት ሰርቨር አላቸው፣ አማዞን ለምሳሌ 169.254.169.123 ላይ ይሰጣል፣ እሱን ተጠቀሙ።

ሊፕ ሰከንድ ምንድን ነው፣ አሁንም አለ?

መሬት ስትሽከረከር እንደ አቶሚክ ሰዓት ስርዓት የላትም፣ ስለዚህ ሁለቱ እንዳይራራቁ ከ1972 ጀምሮ አልፎ አልፎ አንድ ሰከንድ ይጨመር ነበር፣ እስካሁን 27 ጊዜ። የመጨረሻው በፈረንጆቹ 2016 ሊያልቅ ሲል ነበር፣ በኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን አንዲት ሰከንድ ስትቀረው። የሰኔ 30፣ 2012ቱ በፈረንጆቹ ሊኑክስ ውስጥ የነበረ ችግር አስነስቶ ሬዲትን ጨምሮ ብዙ ሳይት አስቸግሯል።

ጎግል ይሄን ሽሽት ሰከንዷን በአንዴ አይጨምራትም፣ ከቀትር እስከ ቀትር 24 ሰዓት ላይ በትንሽ በትንሹ ይበትናታል። በዛ ቀን የጎግል ሰርቨርና ሌላው ሰርቨር እስከ ግማሽ ሰከንድ ይለያያሉ፣ አትቀላቅሉ ያልኩት ለዚህ ነው። ደግሞ በኖቬምበር 2022 የዓለም የክብደትና የመለኪያ ጉባኤ ሊፕ ሰከንድን እስከ 2035 ለማስቀረት ወስኗል፣ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ እፎይ ብሏል።

2038 ላይ ኮምፒውተር ሁሉ ይቆማል የሚባለው እውነት ነው?

ሁሉ አይቆምም፣ ግን ውሸትም አይደለም። ብዙ ሲስተም ጊዜን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1፣ 1970 ጀምሮ ባለፈ ሰከንድ ነው፣ ቁጥሩ በ32 ቢት (32 የዜሮና የአንድ ቦታ) ከተያዘ ጃንዋሪ 19፣ 2038 በዩቲሲ 3 ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ይሞላና ቀጣዩ ሰከንድ ወደ 1901 ይወረወራል። በኛ ስትቀይሩት ጥር 11 ቀን 2030፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ይሆናል፣ አዎ የጥምቀት ዕለት፣ ባህረ ጥምቀቱ ዳር ስንቆም። 64 ቢት የሆነ አዲስ ኮምፒውተርና ስልክ ያላችሁ አትጨነቁ። የሚያሳስበኝ የድሮ ካሜራ መቅጃ፣ የድሮ ራውተር፣ ፋብሪካ ውስጥ ተሰክቶ የተረሳ መቆጣጠሪያ ነው።

ኤንቲፒም የራሱ አለው፣ እሱ የሚቆጥረው ከ1900 ስለሆነ ቀድሞ ይሞላል፣ ፌብሩዋሪ 7፣ 2036 ላይ፣ በኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ28። ፕሮቶኮሉ ግን ይሄን ታሳቢ ያደረገ ነው፣ ሞልቶ ከዜሮ ቢጀምርም ኮምፒውተሩ በራሱ ሰዓት የትኛው ዙር ላይ እንዳለ ካወቀ ልዩነቱን በትክክል ያሰላል። ካወቀ ነው እንግዲህ፣ የባዮስ ባትሪው አልቆ ወደ ድሮ የተመለሰ ኮምፒውተር ግን የትኛው ዙር እንደሆነ ሊሳሳት ይችላል።